ጠመንጃው ነው ወይስ እኔ?

(በአዳኞች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ከጥቂት እርማት በቀር እንደተነገረ የቀረበ)

እንደምን አመሻችሁ? እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ኑና ተቀመጡ፣ ወንበር አለ። ዛሬ የተተኮሰባቸው ወረቀቶች ስለማሳያችሁ ቀረብ ብትሉ ይሻላል። እስክትቀመጡ እጠብቃለሁ።

እሺ። በጥያቄ ልጀምር። «ይሄ ጠመንጃ አይመታም» ብሎ የሚያውቅ ማን ነው? እጃችሁን አውጡ። ብዙ ናችሁ። እንዲህ ካላችሁ በኋላ የጠመንጃውን ማነጣጠሪያ መነጽር የቀየራችሁ፣ ወይ ሌላ ጥይት የገዛችሁ፣ ወይ ጠመንጃውን የሸጣችሁስ? አሁንም ብዙ እጅ አያለሁ። የመጨረሻው ጥያቄ፦ ከዚያ በኋላ ችግሩ የተፈታላችሁ? አያችሁ፣ እጁ አነሰ።

ዛሬ የመጣሁት ለዚህ ነው። ስለ ትንሽ ካሊበር የአደን ጠመንጃ ነው የማወራው። ባለ 22፣ ባለ 17፣ ባለ 223፣ እነዚህን የመሳሰሉትን። ካሊበር የበርሜሉ ቀዳዳ ስፋት ነው፣ ቁጥሮቹም በኢንች ክፍልፋይ እሱን ያመለክታሉ። ሲበትኑ ምክንያቱን እንዴት ፈልገን እንደምናገኘው ነው ነገሩ። ሲበትኑ ያልኩት ሆን ብዬ ነው፣ ትርጉሙን እመለስበታለሁ።

ግን አስቀድሜ ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልንገራችሁ።

ገና ወጣት ሳለሁ በባለ 22 አንዲት ጥንቸል ተኮስኩ። ርቀቱ 60 ሜትር ቢሆን ነው። ጠመንጃው ድጋፍ ላይ ነበር፣ ነፋስም አልነበረም። ተመታች፤ ግን አልወደቀችም። የኋላ እግሯን እየጎተተች ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች። እስኪመሽ ፈለግኳት። በማግስቱም ሄጄ ፈለግኳት። አላገኘኋትም። ቤት ተመልሼ ወረቀት ላይ ስተኩስ ያ ጠመንጃ በ50 ሜትር 8 ሳንቲሜትር ይበትን ነበር። የጥንቸል ጭንቅላት ስንት ነው? 5 ሳንቲሜትር አይሞላም። ይበልጥ የሚከፋው ደግሞ ጠመንጃው እንደሚበትን አውቅ ነበር። «ለጥንቸል ይበቃል» ብዬ ነው የወጣሁት። አይበቃም ነበር። እስከ ዛሬ ያቺ ጥንቸል ትታየኛለች።

የባለ 22 አረር፣ ማለትም ከጥይቱ ተነጥሎ የሚወነጨፈው ክፍል፣ 2.6 ግራም ገደማ ነው የሚመዝነው። የባለ 17ቱ 1 ግራም ከትንሽ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ትንሽ አረር ሥራውን የሚሠራው ቦታውን ካገኘ ብቻ ነው። ቦታውን ካልያዘ እንስሳው ቆስሎ ይሄዳል። ስለዚህ ጠመንጃችሁ ለምን እንደሚበትን ሳታውቁ አደን አትውጡ። እለምናችኋለሁ፣ አትውጡ።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። መበተንና መሳት አንድ አይደሉም። አምስት ጥይት ተኩሳችሁ አምስቱም በአንድ ሳንቲም ስፋት ውስጥ ተሰብስበው፣ ግን ካነጣጠራችሁበት 10 ሳንቲሜትር ወደ ግራ ቢያርፉ፣ ጠመንጃው ጤነኛ ነው። መነጽሩን ማስተካከል ብቻ ነው የቀራችሁ። አምስቱ ጥይቶች አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ከሆኑ ግን መነጽሩን ብታሽከረክሩት ምንም አታገኙም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ስንት ሰው ሙሉ ፓኮ ጥይት በዚህ ሲጨርስ አይቻለሁ! አንድ ይተኩሳል፣ ወደ ቀኝ ያዞራል። አንድ ይተኩሳል፣ ወደ ግራ ያዞራል። የሚበትን ጠመንጃ እንዲህ አይስተካከልም።

ስለዚህ መጀመሪያ መለካት ነው፤ የምንለካው በጣም በተራራቁት ሁለት ቀዳዳዎች መካከል ያለውን ነው። በስንት ጥይት? በሦስት አይደለም። በሦስት ጥይት ራሳችንን ነው የምናታልለው። ሦስት ጥይት በዕድል አንድ ቦታ ሊያርፍ ይችላል። በ3 ጥይት በአማካይ 2 ሳንቲሜትር የሚሰበስብ ጠመንጃ፣ ያው ጠመንጃ፣ ያው ተኳሽ፣ በ10 ጥይት ከ3 ሳንቲሜትር በላይ ይሆናል። ምንም ስለተበላሸ አይደለም፣ የቁጥር ነገር ነው። ብዙ በተኮሳችሁ ቁጥር ዳር የሚወጣው ጥይት ይመጣል። ስለዚህ ቢያንስ አምስት አምስት ጥይት፣ ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በተለያየ ወረቀት ላይ ተኩሱ። አስር ብትችሉ ይበልጥ ጥሩ ነው። «ያቺኛዋ የኔ ስህተት ናት» ብላችሁ የራቀችውን አትሰርዙ። የራቀችው ናት ብዙውን ጊዜ እውነቱን የምትናገረው።

ምን ያህል ነው ጤነኛ? ከፋብሪካ የወጣ ባለ 22 ከሚስማማው ጥይት ጋር በ50 ሜትር ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር ውስጥ ከሰበሰበ እኔ አልነካውም። ለባለ 223 ደግሞ በ100 ሜትር ከ3 እስከ 4 ሳንቲሜትር ለአደን መልካም ነው። ተኳሾች ደቂቃ የሚሉት መለኪያ አለ፣ የማዕዘን ደቂቃ። አንድ ደቂቃ በ100 ሜትር 2.9 ሳንቲሜትር ነው፣ በ50 ሜትር ግማሹ። ይህን ካወቃችሁ በየትኛውም ርቀት ታሰሉታላችሁ።

አሁን ወረቀቶቹን እዩልኝ። ይሄኛው ወደ ላይና ወደ ታች የተዘረዘረ ነው። ይሄኛው ወደ ጎን። ይሄኛው ሁለት ቦታ ተሰብስቧል፣ ሦስት እዚህ፣ ሁለት እዚያ። ይሄ ደግሞ እንደ ተዘራ እህል ተበትኗል። እያንዳንዱ የሚናገረው ነገር አለ።

ወደ ላይና ወደ ታች ሲሆን ሦስት ነገር እጠረጥራለሁ። የጥይቶቹ ፍጥነት እኩል አይደለም፣ ወይም ጠመንጃውን ድጋፉ ላይ በየጊዜው የተለያየ ቦታ እያስቀመጣችሁት ነው፣ ወይም ትንፋሻችሁን እኩል አልያዛችሁም። በባለ 22 የፍጥነቱ ነገር ቀላል አይደለም። በሁለት ጥይቶች መካከል በሰከንድ የ10 ሜትር ልዩነት ካለ በ50 ሜትር ብዙም አይታይም። በ100 ሜትር ግን 3 ሳንቲሜትር ያህል ከፍና ዝቅ ያደርጋል።

ወደ ጎን ሲሆን ነፋስ ነው፣ ወይም ምላጩን የሚስበው ጣት ጠመንጃውን እየገፋው ነው። ሁለት ቦታ ሲሰበሰብ የላላ ነገር አለ ማለት ነው። ወይ መነጽሩ፣ ወይ የጠመንጃው ብረት በተገጠመበት እንጨት ውስጥ እየተንቀሳቀሰ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች ተሰብስበው፣ በርሜሉ ሲሞቅ ደግሞ ቀስ በቀስ ወደ አንድ አቅጣጫ ከሄዱ፣ በርሜሉ እንጨቱን እየነካ ነው። የአደን ጠመንጃ በርሜል ቀጭን ነው፣ ቶሎ ይሞቃል። ስለዚህ በጥይቶቹ መካከል ጊዜ ስጡት።

ቀዳዳው ክብ ሳይሆን ሞላላ ከሆነስ? ያን ጊዜ አረሩ በጫፉ ሳይሆን ተጋድሞ ነው ወረቀቱን የሚመታው። ይህ ሌላ ጉዳይ ነው። ስለ ጥይት ስናወራ እመጣበታለሁ።

ከዚህ በፊት ግን አንድ ነገር ደጋግሜ መናገር እፈልጋለሁ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። አንድ ነገር ብቻ! ብሎኑንም አጥብቃችሁ፣ ጥይቱንም ቀይራችሁ፣ በርሜሉንም አጽድታችሁ ብትተኩሱና ቢስተካከል፣ የትኛው እንዳዳነው አታውቁም። ተመልሶ ሲበላሽ እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ደብተር ያዙ። ቀኑን፣ ርቀቱን፣ ጥይቱን፣ ነፋሱን፣ ምን እንደቀየራችሁ ጻፉ። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባል የለ? በዚህ ሥራ የሚፈሰው ጥይት ነው፣ ጊዜም ነው።

አሁን ከየት እንጀምር? ከርካሹና ከቀላሉ ነው የምንጀምረው። መጀመሪያ ተኳሹ። ሁለተኛ ብሎኑ። ሦስተኛ ጥይቱ። አራተኛ በርሜሉ። መነጽሩ የመጨረሻ ነው። በዚህ ቅደም ተከተል የምሄደው ሌሎቹ ገንዘብ ስለሚያስወጡ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን ብዙም አያስወጡም።

ተኳሹ። አትቀየሙኝ፣ ይህን ስል ማንንም መንካቴ አይደለም። ቀላሉ ፍተሻ ይሄ ነው፦ ጥሩ ተኳሽ መሆኑን ለምታውቁት ሰው ጠመንጃውን ስጡት፣ በዚያው ጥይት፣ በዚያው ድጋፍ ይተኩስ። እናንተም የእሱን ተኩሱ። በአስር ደቂቃ ውስጥ ጥያቄው ጠመንጃው ላይ ነው ወይስ ሰውየው ላይ የሚለው ግማሹ ይመለሳል።

ድጋፉን በደንብ እዩ። ጠመንጃውን ከፊት የሚይዘው ነገር ለስላሳ ይሁን፣ የአሸዋ ከረጢት ጥሩ ነው። ደረቅ ጣውላ ወይም ድንጋይ ላይ ከተቀመጠ ሲተኮስ ይነጥራል፣ ጥይቱም ወደ ላይ ይሄዳል። በርሜሉን በፍጹም ድጋፍ ላይ አታስቀምጡት። የሚቀመጠው እንጨቱ ነው፣ በየጊዜው አንድ ቦታ ላይ። ከኋላም ከሰደፉ ሥር ትንሽ ከረጢት አድርጉ።

ስለ ባለ 22 አንድ ነገር ልጨምር። አረሩ ቀርፋፋ ነው። ምላጩን ከሳባችሁ በኋላ ከበርሜሉ እስኪወጣ ከባለ 223 ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል። እናንተ ለማየት ጭንቅላታችሁን ቀና ስታደርጉ እሱ ገና አልወጣም። ስለዚህ ምላጩን ከሳባችሁ በኋላ ዝም ብላችሁ ቆዩ። ጉንጫችሁ እንጨቱ ላይ ይቆይ፣ ጣታችሁም ምላጩ ላይ ይቆይ። አንድ፣ ሁለት ብላችሁ ቁጠሩ። ይህን ብቻ አስተምሬያቸው ስብስባቸው በግማሽ የቀነሰ ልጆች አሉ። አንዷ ዛሬም እዚህ ተቀምጣለች፤ ስሟን አልጠራም፣ እየሳቀች ነው።

ባለ 22ን ግን ጥይት ሳይኖር ደጋግማችሁ ምላጭ በመሳብ አትለማመዱ። አምራቹ ይቻላል ካላለ በቀር አይደረግም። ጥይቱን የሚመታው መርፌ የጥይት ቤቱን፣ ጥይቱ የሚቀመጥበትን ቦታ፣ ጠርዝ ይመታና ያበላሸዋል። የልምምድ ባዶ ጥይት ተጠቀሙ።

ነፋሱን የሚንቅ ሰው ብዙ ነው። በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ቅጠሎችንና ቀጫጭን ቅርንጫፎችን ሳያቋርጥ የሚያወዛውዝ ነው። ያን ያህል ነፋስ ከጎን ቢመጣ የባለ 22 አረርን በ100 ሜትር ከ10 ሳንቲሜትር በላይ ይገፋዋል። ከ10 ሳንቲሜትር በላይ! ከዚያም ጠመንጃውን እንወቅሳለን። ስትፈትሹ ጠዋት በማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ በ50 ሜትር ፈትሹ።

ሌላም አለ። ዓይናችሁ ከመነጽሩ ኋላ መሃል ላይ ካልሆነ በመነጽሩ ውስጥ የሚታየው የማነጣጠሪያ መስቀል ዒላማው ላይ ቦታ የሚቀይር ይመስላል። ጠመንጃውን ከረጢት ላይ አስቀምጡ፣ አትንኩት። በመነጽሩ እያያችሁ ጭንቅላታችሁን ቀስ ብላችሁ ወዲህ ወዲያ አድርጉ። መስቀሉ ዒላማው ላይ የሚንሸራተት ከሆነ መነጽሩ ለዚያ ርቀት አልተሠራም። ለባለ 22 የሚሠሩት አብዛኞቹ መነጽሮች ለ50 ሜትር ገደማ የተስተካከሉ ናቸው። ለትልልቅ ጠመንጃ የሚሠሩት ለ100 ሜትር ገደማ። የትልቅ ጠመንጃ መነጽር ባለ 22 ላይ የሰካ ሰው በ30 ሜትር ቢበተንበት ሊገርመው አይገባም። ማስተካከያ ካለው አስተካክሉት፣ ከሌለው ጉንጫችሁን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ አሳርፉ።

ሁለተኛ፣ ብሎኑ።

አንድ ወዳጄ ከአራት ዓመት በፊት ተናድዶ መጣ። ባለ 17 ነው የያዘው። ሦስት ዓይነት ጥይት ሞክሯል። በርሜሉን በሦስት ዓይነት መድኃኒት አጥቧል። «ልሸጠው ነው» አለኝ። እኔ ጠመንጃውን ባዶ መሆኑን አየሁና መነጽሩን በአንድ እጄ፣ በርሜሉን በሌላው ያዝኩ። ትንሽ ጠመዘዝኩ። ቅጭ አለ። መነጽሩን ከቀለበቶቹ ስናወጣው፣ ቀለበቶቹን ከተሸከመው መሠረት ሥር አንዱ ብሎን በጣት የሚዞር ሆኖ አገኘነው። ከላይ ያሉትን አጥብቋል፣ ከሥር ያለው ግን ስለማይታይ ማንም አላየውም። አጠበቅነው፣ ሄድን ተኮስን። ያ ሊሸጥ የነበረ ጠመንጃ እስከ ዛሬ እጁ ላይ ነው።

ስለዚህ ከላይ ያለውን ብቻ አትዩ። መነጽሩን አውርዱ፣ እስከ መሠረቱ ድረስ ፈትሹ። ብሎኖቹንና ቀዳዳዎቹን ከዘይት አጽዱ። ከዚያ በልክ አጥብቁ። በልክ! ብዙ ሰው ከመጠን በላይ ያጠብቃል። የመነጽሩ ቱቦ ስስ ነው፣ ሲጨፈለቅ ውስጡ ያለው ማስተካከያ በነጻ አይንቀሳቀስም። ለቀለበቶቹ ብሎኖች ብዙውን ጊዜ 2 ኒውተን ሜትር አካባቢ ይበቃል፤ አምራቹ የጻፈው ካለ ግን እሱን ተከተሉ። መካኒኮች ቶርክ የሚሉት የሚለካ ቁልፍ አለ፣ ትንሹን ዓይነት ግዙ። በእጅ ግምት ካቻቪት እያዞርን «ይበቃል» የምንለው ነገር ሰው በሰው ይለያያል።

ሌሎቹ ብሎኖች ብረቱን ከእንጨቱ ጋር የሚያስሩት ናቸው፣ ከሆዱ በኩል ያሉት። (ፕላስቲክም ቢሆን እንጨት እለዋለሁ፣ ልማድ ነው።) እነሱ ሲላሉ ብረቱ በየተኩሱ ትንሽ ትንሽ ይንሸራተታል። ሁለት ቦታ የተሰበሰበውን ወረቀት አስታወሳችሁ? እንዲህ ነው የሚመጣው። እንጨት ደግሞ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ስለዚህ የእንጨት ከሆነ በየወቅቱ ፈትሹት።

አሁን አንድ ወረቀት ውሰዱ፣ ተራ ወረቀት። በበርሜሉና በእንጨቱ መካከል አስገቡና ወደ ኋላ ሳቡት። ያለ ችግር እስከ ጥይት ቤቱ ድረስ ከሄደ መልካም። መንገድ ላይ ከተያዘ በርሜሉ እዚያ ጋ እንጨቱን ይነካል። አንዳንድ ጠመንጃ ግን ሆን ተብሎ ከፊት በኩል እንጨቱ በርሜሉን እንዲደግፍ ሆኖ ይሠራል፤ በተለይ ድሮ የተሠሩ ባለ 22ዎች። ወረቀቱ ተያዘ ብላችሁ ወዲያው ሞረድ አታንሱ። መጀመሪያ ተኩሱና ወረቀቱን አንብቡ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም።

ሦስተኛ፣ ጥይቱ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በባለ 22 ከሁሉም በላይ ለውጥ የሚያመጣው ይሄ ነው።

22 ሎንግ ራይፍል የሚባለው ጥይት ከ1887 ጀምሮ አለ። ያን ያህል ዕድሜ ኖሮት አሁንም ሁለት ጠመንጃዎች፣ አንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን የሠራቸው፣ የተለያየ ጥይት ይወዳሉ። ለምን? አረሩ ልስልስ እርሳስ ነው። የሚቀጣጠለው ኬሚካል ደግሞ በቀለሃው ጠርዝ ዙሪያ የተቀባ ነው፣ እኩል ላይሰራጭ ይችላል። የጥይት ቤቱ ስፋት በየጠመንጃው በፀጉር ስፋት ይለያያል። ይህ ሁሉ ተደምሮ አንዱን ጥይት ይወዳል፣ ሌላውን ይተፋል። ውድ የሆነው ሁልጊዜ ይሻላል ማለትም አይደለም።

ፈጣኑ ይሻላል ብላችሁም አትሳቱ። ፈጣን የተባለው ባለ 22 ከድምፅ ፍጥነት በላይ ነው የሚወጣው። የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ 100 ሜትር ሳይደርስ ከድምፅ ፍጥነት በታች ይወርዳል። ያንን ድንበር ሲያልፍ አየሩ ያናውጠዋል። የሚገርመው ደግሞ በነፋስ ይበልጥ የሚገፋው ፈጣኑ ነው፣ ምክንያቱም እዚያ ፍጥነት ላይ አየሩ ብዙ ይይዘዋል። ከመጀመሪያው ከድምፅ በታች የሚወጣው መደበኛ ጥይት ብዙ ጊዜ የተሻለ የሚሰበስበው ለዚህ ነው።

እንዴት እንሞክር? አምስት ስድስት ዓይነት ጥይት ውሰዱ፣ ከእያንዳንዱ አንድ ፓኮ። ዓይነት በቀየራችሁ ቁጥር የመጀመሪያዎቹን አምስት እስከ አስር ጥይቶች አትቁጠሯቸው። አረሩ ላይ የተቀባው ሰም ወይም ቅባት በርሜሉ ውስጥ ይቀራል። አዲሱ ጥይት የራሱን እስኪቀባ በርሜሉ አይረጋም። ከዚያ አስር አስር ተኩሱ። የተሻሉትን ሁለቱን ያዙ፣ በሌላ ቀን ደግማችሁ ሞክሩ።

ጥሩውን ስታገኙ ፓኮው ላይ የታተመውን የምርት ቁጥር ተመልከቱ። ስሙ አንድ ሆኖ የምርት ቁጥሩ ሲለይ ጥይቱም ሊለይ ይችላል። እኔ ይህን በራሴ ነው ያየሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ጥይት ደስ ብሎኝ ስተኩስ ኖሬ፣ አዲስ ካርቶን ከፈትኩ። ስሙ ያው፣ ሥዕሉ ያው። ስብስቡ በእጥፍ ሰፋ። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ብሎን ስፈታ ስገጥም ዋልኩ። በሦስተኛው ከአሮጌው ካርቶን የቀሩኝን ሃያ ጥይቶች ከመሳቢያ አገኘሁ። ተኮስኩ። እንደ ድሮው ተሰበሰቡ። ጠመንጃው ከመጀመሪያው ጀምሮ ምንም አልሆነም ነበር።

ባለ 223 ወይም የመሳሰለው ላላችሁ ነገሩ ትንሽ ይለያል። በርሜሉ ውስጥ አረሩን የሚያሽከረክር ጥምዝ መስመር አለ። ያ መስመር አንድ ሙሉ ዙር ለመዞር ስንት ኢንች ይፈጃል? ባለ 12 ኢንች ሊሆን ይችላል፣ ባለ 9፣ ባለ 8፣ ባለ 7ም አለ። ረጅም አረር እንዲረጋ በፍጥነት መሽከርከር አለበት። ግሪንሂል የሚባል እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ ለዚህ ቀመር ያወጣው በ1879 ነው፣ እስከ ዛሬ ለግምት ይጠቅማል። በባለ 12 በርሜል የ55 ግሬን አረር ጥሩ ይሄዳል። ያ ማለት 3.6 ግራም ነው። በዚያው በርሜል 77 ግሬን፣ 5 ግራም የሚሆነውን ረጅሙን ብትተኩሱ ግን አይረጋም። ያ ሞላላ ቀዳዳ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። የበርሜላችሁን ጥምዝ እወቁ፣ ብዙውን ጊዜ በርሜሉ ላይ ተጽፏል። እዚህ ላይ ማስተካከያ የለውም፣ አረሩን መቀየር ብቻ ነው።

አራተኛ፣ በርሜሉ። ከመጀመራችን በፊት፦ ጥይት አለመኖሩን በዓይናችሁም በጣታችሁም አረጋግጡ። መዝጊያውን አውጡት። በርሜል ውስጥ የሚታየው መዝጊያው ከወጣ በኋላ ብቻ ነው። ይህን መቶ ጊዜ ሰምታችኋል። መቶ አንደኛው ይሁን።

ባለ 22 ማጽዳት ላይ ሰዎች በሁለት ጽንፍ ይቆማሉ። አንዱ አሥር ዓመት አያጸዳም። ሌላው አሥር ጥይት ተኩሶ ያጸዳል። አንድ ተማሪዬ ሁለተኛው ዓይነት ነበር። በጣም ጠንቃቃ ልጅ ነው። በየአሥሩ ጥይት በርሜሉን እስኪያብረቀርቅ ያጥባል። ከዚያ «የመጀመሪያዎቹ ሁልጊዜ ይበተኑብኛል» ይላል። የታጠበ ባለ 22 በርሜል እስኪቀባ ጥቂት ጥይት ይፈልጋል ብዬ ነገርኩት። ካጠበ በኋላ አሥራ አምስት ያህል ተኩሶ ቆጠራ እንዲጀምር አደረግነው። ችግሩ በዚያው ቆመ።

ያ ማለት ግን አይጸዳ ማለት አይደለም። ከጥይት ቤቱ ፊት ለፊት የባሩድ ቃጠሎ እንደ ቀለበት ይጠነክራል። ጥይት ሲገባ የሚያስቸግር ከሆነ፣ ወይም ድሮ ይሰበስብ የነበረው ቀስ በቀስ ከሰፋ፣ እዚያ ጋ በደንብ አጽዱ። ባለ 17 እና ባለ 223 ደግሞ አረራቸው መዳብ የለበሰ ነው። መዳቡ በርሜሉ ውስጥ ይለጠፋል፣ ባለ 17 ጠባብ ስለሆነ ቶሎ ይሰማዋል። ለመዳብ የተሠራ ፈሳሽ አለ።

ስታጸዱ ዘንጉን ከኋላ በኩል አስገቡ፣ ከአፈሙዙ በኩል አይሁን። ለምን? የአፈሙዙ ጠርዝ አረሩን መጨረሻ የሚነካው ቦታ ነው። እዚያ ላይ ትንሽ ጭረት ካለ ጋዙ በአንድ ጎን ቀድሞ ያመልጣል፣ አረሩንም ይገፋዋል። አንድ አዛውንት አዳኝ ከአባታቸው የወረሱትን ባለ 22 አምጥተውልኝ ነበር። «በአባቴ ጊዜ ይመታ ነበር» አሉኝ። ያ ጠመንጃ ከኋላ አይከፈትም ነበርና ለዘመናት ከፊት በብረት ዘንግ ሲጸዳ ኖሯል። ጥጥ ወስጄ የአፈሙዙን ጠርዝ ዙሪያ ዳሰስኩት። በአንድ በኩል ጥጡን ያዘው። ጠርዙ በዚያ በኩል ተበልቷል። ባለሙያ ጋ ወሰድነው፣ ጫፉን ጥቂት ሚሊሜትር ቆርጦ ጠርዙን እንደገና አወጣለት። አዛውንቱ ሲተኩሱ እኔም አጠገባቸው ነበርኩ። አምስቱን ጥይት አንድ ቦታ ሰብስበው ያሳረፉበትን ወረቀት አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ምንም አልተናገሩም። እኔም አልተናገርኩም።

የጥጡን ፍተሻ እናንተም ቤታችሁ ታደርጉታላችሁ። የመቁረጡን ሥራ ግን ለባለሙያ ተዉት። ድምፅ መቀነሻ የምትጠቀሙ ደግሞ መጀመሪያ እሱን አውልቃችሁ ተኩሱ፤ ላልቶ ወይም ተጣሞ ከሆነ ወዲያው ታውቃላችሁ።

የቀረው መነጽሩ ነው። ሁሉንም አይታችሁ አሁንም የሚበትን ከሆነ፣ ደህና መሆኑን የምታውቁትን ሌላ መነጽር ከሌላ ጠመንጃ አውጥታችሁ ግጠሙ። ተሰበሰበ? መነጽሩ ነው። አልተሰበሰበም? ያኔ ነው በርሜሉ አርጅቷል ወይ ብላችሁ ጠመንጃ ሠሪ ጋ የምትሄዱት። ደብተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ምን ምን እንደሞከራችሁ ሲያይ ሥራው በግማሽ ይቀልለታል።

ብዙ አወራሁ፣ ታግሳችሁኛል፣ አመሰግናለሁ። ነገ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ መተኮሻ ሜዳው ላይ እገኛለሁ። የሚበትን ጠመንጃ ያላችሁ አምጡት፣ ካቻቪትና ጥጥ እኔ ይዣለሁ። እናንተ ደብተርና እስክሪብቶ፣ ቢያንስ ሁለት ዓይነት ጥይት ይዛችሁ ኑ።

አሁን ጥያቄ ያለው ይጠይቅ። እሺ፣ እዚያ ጥግ ያለህ ወንድሜ፣ ወረቀት ይዘህ መጥተሃል መሰለኝ። አምጣው እንየው።